የታዬ ነጥብ

ከልጄ ከናሆም ክፍል ቲት ቲት የሚል ድምፅ ሰማሁና ገባሁ፤ የገባሁበትን ቀን እረግማለሁ። አዲሱ የጌም ማሽኑ “አካውንትህ ተዘግቷል” ብሎት፣ ክረምቱን ሙሉ ለፍቶ ያገኘው ነጥብ ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። ባትሪው ሙሉ ነው፣ የተሰበረም ነገር የለም፤ ኩባንያው ከባሕር ማዶ ሆኖ ዘጋው፣ በቃ! ናሆም ምክንያቱን ፍለጋ የኩባንያውን ታሪክ ከስልኩ ሲያነብልኝ ደግሞ ባሰብኝ። በመጫወቻ ካርታ ጀምሮ፣ ሰዓት ያላት ታጣፊ ጌም ሠርቶ... ታጣፊዋንማ አውቃታለሁ። ደብረ ብርሃን ቤታችን ነበረች።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሰብ የሚመላለሰው ሹፌሩ አጎታችን አመጣት። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ስትከፈት ቀጭ የምትል፣ ውስጧ አንድ ጥቁር ሰውዬ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ በባልዲ የሚቀልብባት። ያ የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ሲያደነዝዝ ታላቅ ወንድሜ ታዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እሷን ሲነካካ ያመሻል፣ እኔ ከጎኑ ተራዬን ስጠኝ እያልኩ እነዘንዛለሁ፣ እሱ ደግሞ ሰውዬው እስኪረጥብ ጠብቂ እያለ ያበሽቀኛል። ሰውዬው አይረጥብም ነበር። ትልቁን ነጥብ ያስመዘገበው ታዬ ነው፤ ጌሟም ነጥቡን ይዛ ታስቀምጥ ነበር።

ከዚያ ለውትድርና አፈሱት። ጨው ግዛ ተብሎ ገበያ እንደወጣ፣ ከነነጠላ ጫማው! ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ እኮ ነበር፤ እጃቸው ይቆረጥ፣ ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል። እናቴ ጌሟን በሻሽ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስገባችና “ማንም እንዳይነካት፤ ራሱ መጥቶ ነጥቡን ይበልጠዋል” አለች። ፊደል ባትቆጥርም የቁጥሩን መልክ ለይታ ታውቀው ነበር፤ እሁድ እሁድ አውጥታ አይታው ትመልሰዋለች።

አንድ እሁድ ቁጥሩ ፈዞ አገኘችው። ልጇ የታመመ ይመስል እየሮጠች መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኳት። ደግ ሰው ነበር፤ አሮጌውን ባትሪ አውጥቶ አዲስ ከተተና “ይኸው እትዬ፣ እንደ አዲስ ሆነች” አላት። እውነትም ቦግ አለች። እናቴ አየቻት፣ ገለበጠቻት፣ ደግማ አየቻት።

“ቁጥሩስ? የልጄ ቁጥር የታለ?”

“ባትሪው ሲወጣ ይጠፋል መሰለኝ፣ እትዬ። እኔ መች አወቅሁ?”

እዚያው ደጁ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፤ መንገደኛው ሁሉ ለቅሶ የተረዳች መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ቆመ። የታዬ መርዶ የመጣው በኋላ ነው።

እንግዲህ ያኔ ሰዓት ሠሪው ጌሟን ሊያኖራት ብሎ ነጥቡን በገዛ እጁ አጠፋው፤ ዛሬ ደግሞ የኩባንያው ሰዎች ማንም ሳይነካው ያጠፉታል! ያን ሁሉ ዘመን ሲሠሩ ኖረው፣ የሰው ነገር በሰው እጅ እንዲቆይ ማድረግ እንዴት ያቅታቸዋል? ይህን እየጮህኩ ስናገር ናሆም ደነገጠ።

“እማዬ ተይው በቃ፣ እንደገና ተጫውቼ አመጣዋለሁ።”

እሱማ ያመጣዋል። የታዬን ማን ተጫውቶ ያምጣልኝ?