ሞኝ ያደረግኳት ግመል

ጅጅጋ አማርኛ ሳስተምር አንድ አመል ነበረብኝ፤ ተማሪ ተረት ሲጽፍልኝ እንስሳቱን እፈትን ነበር። ጅቡ እውነት ይህን ያህል ያስባል? አህያዋስ ይህን በምን አወቀች? በቀይ እስክሪብቶ «እንስሳ አያመዛዝንም» ብዬ ስጽፍበት ትልቅ ሊቅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ለወላጆች ቀን የሚነበብ ድርሰት ስመርጥ የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ ከሁሉም በለጠ። ሀርሺን ወረዳ ውስጥ ወላጆቿ ሞተውባት፣ ጅጅጋ ወተት የምትሸጥ አክስቷ ናት ያሳደገቻት። አክስቲቱም አንድ ልጇን ቀብራለች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ባላውቅ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ልጅቷ የጻፈችው ስለ አንዲት ግመል ነው። ግልገሏ ሲሞት፣ በእነሱ አገር እንደሚደረገው፣ ቆዳውን ደረቅ ሣር ሞልተው አጠገቧ ያቆሙላታል፤ እሱን እያሸተተች ወተቷን እንድትለቅ። በልጅቷ ተረት ግን ግመሏ አልተታለለችም። ሣር መሆኑን አውቃለች። ከቆዳው ጀርባ የቆመችውን የራባት ልጅ አይታ፣ ለእሷ ስትል ወተቷን ለቀቀች።

«ካወቀች ለምን ትሰጣለች?» አልኳት። «ግመል እንዲህ አታስብም። ተታልላ ነው በይ።»

«መዓሊን፣ ታውቃለች» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። «ሆዮ መጥታ ትሰማኛለች።» ሆዮ፣ እናቴ፣ የምትለው አክስቷን ነው።

«አስተካክለሽ ካልመጣሽ ሌላ ልጅ ያነባል» አልኩ።

አስተካክላ መጣች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያቀበልኳት እኔው ነኝ፦ «ሞኟ ግመል ልጇ መስሏት ወተቷን ሰጠች።» አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእኔ በእስክሪብቶ ታየ።

የወላጆች ቀን ደርሶ አክስቲቱ የወተቱን ገበያ ትታ መጣችና ከፊት ተቀመጠች። አማርኛ ከደንበኞቿ ስለለመደች ትሰማለች። ልጅቷ ማንበብ ስትጀምር የአክስቲቱ ፊት በርቶ ነበር። «ሞኟ ግመል» ሲባል ፈገግታዋ ጠፋ። ያኔ ግመሏ ማን እንደሆነች ገባኝ። ልጅቷ አሳዳጊዋን ልታመሰግን የጻፈችውን እኔ ስድብ አድርጌዋለሁ።

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ አክስቲቱ ከተቀመጠችበት ጠራችኝ።

«መዓሊን፣ ግመል አያውቅም እንዴ?»

ልጅቷ ወረቀቷን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። «መጨረሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሷ ግመል ታውቅ ነበር» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ርዕሰ መምህሩ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መሰለኝ።

«ተረት እኮ ነው፣ እናቴ» አልኳትና ቀጣዩን አንባቢ ጠራሁ።