ምስክርነቴን መልሱልኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሥራዬ በየሰው ግቢ መግባት ስለሆነ የእኔን ነገር የማያውቅ ግቢ የለም። ሚስቴ እንግሊዝ አገር ልትወስደኝ ነው የተባለ ጊዜ በየበሩ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ አሁንም አልሄድክም? ቆጣሪዋን ሁልጊዜ ማገዶ ክምር ሥር የምትቀብር አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ቁጥሩን ለማንበብ ማገዶውን ሳነሳ ቆማ እያየች፣ እዚያ ስትደርስ እንዲህ የሚያሸክምህ የለም፣ ትለኝ ነበር። እኔ ሞኙ እስቃለሁ። ምን እንደሚያስቀኝ እንጃ!

ሚስቴ ከጮቄ ተራራ ሥር ያለችው የሮብ ገበያ ልጅ ናት። ትዳራችን በሽማግሌ የተያዘ፣ በወጉ የተደገሰ ነው። ዳስ ተጣለ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሽማግሌዎቹ አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ፣ አለቀ። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ብዙም ሳንቆይ ለሥራ ዓረብ አገር ሄደች፤ አሠሪዎቿ ለዕረፍት ለንደን ይዘዋት ሲሄዱ ጠፍታ እዚያው ቀረች። ስንት ዓመት ተንከራታ በመጨረሻ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘች። ያገኘች ዕለት ደውላ አለቀሰች፣ እኔም መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። አሁን አንተን ማምጣት ብቻ ነው የቀረኝ፣ አለችኝ። ይህን ሰው አላወራልኝም፤ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

እኔ ለንደን ናፍቆኝ አይደለም። ጎርምሼ ያገባኋት ሴት ናት፣ ፀጉሬ መሸበት እስኪጀምር ጠብቄያታለሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሌላ አግባና ልጅ አሳየኝ እያለች ስትለምነኝ አኩርፌያታለሁ። የምፈልገው ከሚስቴ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር፣ ከተቻለም ሳይመሽብን መውለድ ነበር። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ወረቀት መሰብሰብ ጀመርን። ጀመርን እላለሁ እንጂ የምታዝዘው እሷ፣ የምሮጠው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጋብቻ የምስክር ወረቀት አለች። እኛ ያለን የሽማግሌዎቹ ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም እናቴ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ኖሮ እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሷል። በእሷ በኩል የምፈርምበት ውክልና ላከችልኝና ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሰርጉ ላይ የነበሩ ምስክሮች አምጣ አሉኝ። ከዚያ ደግሞ የሰርግ ፎቶ አለች፤ የአክስቴን ግድግዳ ገፈፍኩ፣ የአጎቴን ግድግዳ ገፈፍኩ። አክስቴ ፎቶው የተነሳበትን ባዶ ቦታ እያየች፣ ስትመለስ አምጣው፣ አለችኝ። ከእንግሊዝ ስመለስ ማለቷ ነው።

የምስክሩ ነገር ነበር ከባዱ። ከሽማግሌዎቹ ሞት ያልወሰዳቸው የሚስቴ አባትና ከእኔ ወገን አንድ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ የሮብ ገበያ መንገድ በጸጥታው ችግር አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። አማቴ ግን ልከው፣ መንገዱ በተከፈተ ማግስት እመጣለሁ አሉ፤ እንዳሉትም ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጠው ከች አሉ። ለኔም አንድ ማዳበሪያ ድንች ይዘዋል። ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ጋቢያቸውን እያራገፉ፣ «ያን ጊዜ ልጄን ላንተ ሰጠሁ፤ ዛሬ ደግሞ አንተን ለልጄ ልሰጥ መጣሁ» አሉኝ። ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ስማቸውን መጻፍ ይችላሉ፣ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣልና የጣት አሻራቸውን አሳረፉ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መጥረጊያ ሶፍት ስትሰጣቸው እምቢ አሉ። ቀለሙን ለአገሬ ሰው ላሳይበት እንጂ፣ ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለሙን እንደያዘ አቁመው ወጡ። ምሳ ጋብዣቸው ሲበሉ እንኳ ጥቂት እንዳይለቅ ተጠንቅቀው ነበር የሚጎርሱት። ደስ አሉኝ። አባት ያጣሁት በልጅነቴ ነው፤ እሳቸውን አባቴ እያልኩ ስጠራ ለወግ ያህል አልነበረም።

የምስክር ወረቀቱ ወጣ። ማርቆስ ላይ አስተረጎምኩት። ማስተርጎም ብቻ አይበቃም፣ አዲስ አበባ ወስደህ አረጋግጥ አለችኝ ሚስቴ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ለመንኩና ሄድኩ። ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበረችው ሴት እሷም ወደ ባሏ የምትሄድ ነበረች፤ ክላሰሯ አብጦ አይዘጋም። ጨዋታ ተጀመረና ያንተን ልይ ብላ ፋይሌን ተቀበለችኝ። ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። የሳንባ ምርመራ አድርገሃል ወይ? አላደረግሁም። የእንግሊዝኛ ፈተናስ? ማን ነግሮኝ። ሚስትህ የደመወዟን፣ የምትኖርበትን ቤት ማስረጃ አልላከችልህም? አልላከችም። ፓስፖርትህስ ቅጂው የት አለ? ፓስፖርት ገና አላወጣሁም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰርጋችሁ ነው። ስለ አንተ የሚያወራው ወረቀት የታለ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ፋይሌን ከእጇ ቀማኋት ማለት ይቻላል። ምቀኛ፣ የራሷን ጉዳይ አትይዝም፣ አልኩ በሆዴ፤ ፊቴንም አዞርኩባት። ዛሬ ባገኛት እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ያን ዕለት ግን ማታውኑ ለሚስቴ ደውዬ እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ አንድ በአንድ እንሂድ፣ ሰው የሚልህን አትስማ አለችኝ። እኔም አንቺን እንጂ ማንን ልስማ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዝም ያለችውን ዝምታ እንኳ ለኔ አዝና ነው ብዬ ተረጎምኩላት።

ቀጥሎ ዋናውን ላክ አለች። ቅጂ አይቀበሉም አለችኝ። ለንደን ከምትኖር የአገሯ ልጅ ጋር፣ ለዕረፍት መጥታ ከምትመለስ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ላክሁት። በሶና በርበሬም አብሬ ላክሁ። በርበሬውን ራሴ ነኝ ቆሜ ያስፈጨሁት። እንዲያውም ፈጪው ልጅ እንዳይቀላቅልብኝ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስልኳ ጠፋ። ኔትወርክ ነው አልኩ፤ እኛ ዘንድ ኔትወርክ ለሁሉም ነገር ምክንያት ይሆናል። ኔትወርኩ ሲመለስም እሷ አልተመለሰችም። ብደውል ሥራ ላይ ነኝ፣ ብጽፍ መልሷ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ። አክስቴ አንድ ቀን፣ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ጠይቅ፣ ስትለኝ ተቆጣኋት። በዚያ ሰሞን ያልተቆጣሁት ሰው የለም፤ መቆጣት ከነበረብኝ ሰው በቀር።

ከእንግሊዝ ፍርድ ቤት አንድ ወረቀት በስልኬ የመጣው ሥራ ላይ ሆኜ ነው፣ እዚያችው ማገዶ የምትከምረው ሴት ግቢ። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፣ ግን ፍቺ የሚለውን ቃል ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ወደ ታች ስገፋው ያስተረጎምኩት የጋብቻ ወረቀት ተያይዞበታል። የማርቆሱን ትርጉም ቤት ማኅተም ለየሁት። ትንሽ ዘመም ያለ ማኅተም ነበር፤ ያን ጊዜ ደግመህ ምታልኝ ብዬ ተከራክሬ ነበርና አልረሳውም።

ደወልኩ። አነሳች። ምንድን ነው ይሄ አልኳት። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፣ የደከማት ሰው ድምፅ ነበረ።

«መጀመሪያ ስገባ ባለትዳር ነኝ ብዬ አስመዝግቤ ነበር። ያለ ጋብቻ ወረቀቱ ፍርድ ቤቱ አያፋታም አሉኝ።»

«እውነቱን ብትነግሪኝስ?»

«ብነግርህ ትልክልኝ ነበር?»

ሌላ ሰው አለ፣ ልታገባው ነው፤ ይህን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የሰማሁት ግን ጥያቄዋን ብቻ ነው። አልልክላትም ነበር። እሷም ታውቃለች፤ ስለምታውቅ ነው ያታለለችኝ። ሰው ይሰለቻል፣ ሰው ልቡ ይሄዳል፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ግን የሚታረድ በግ ካራውን ሞርዶ አያመጣም። እኔ አስተርጉሜ፣ አረጋግጬ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አመጣሁላት። በርበሬ ጨምሬ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ተረት ነበር የሚመስለኝ።

ሴትየዋ ከቤት ወጥታ አየችኝ። ማገዶውን ራሷ ከቆጣሪው ላይ አንስታ ጨረሰችና ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እኔም ጻፍኩ።

ለአማቴ መንገር የኔ ዕዳ ነበር። ያስተሳሰሩን እሳቸው ናቸው፣ ሲፈርስ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባቸውም። ሮብ ገበያ ወጣሁ። ጮቄን ደመና ሸፍኖታል፣ እሳቸው ድንች እየኮተኮቱ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰርጉን እንድናስመዘግብ ለምን እንደፈለገች ስነግራቸው መኮትኮቻውን አስቀመጡ። «በኔ ጣት?» አሉ። ምሳ አቀረቡልኝ፣ አልበላሁም፤ እሳቸውም አልበሉም።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሳይልኩብኝ ማርቆስ መጡ። ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ና አብረን እንግባ አሉኝ። የገባቸውን ሁሉ አስበውበታል፤ የመሰከርኩት ከተሰረዘ ወረቀቱ ይሰረዛል፣ ወረቀቱ ከተሰረዘ እዚያ ያለው ፍርድ ቤት የሚይዘው ያጣል። አባቴ ይቅርብዎ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል፣ ብላቸው አልሰሙኝም። ያችው ልጅ ነበረች መስኮቱ ላይ።

«ምስክርነቴን መልሱልኝ» አሏት።

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳት። አሳዘናት፤ ወንበር አመጣችላቸው፣ አልተቀመጡም።

«አባባ፣ ያን ዕለት የመሰከሩት ውሸት ነበር?»

«እኔ? እኔ በውሸት መስክሬ አላውቅም።»

«ሰርጉ ተደርጓል?»

«እንዴታ። ዳሱን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እውነት ነው አባባ። እውነት አይሰረዝም።»

አማቴ እግዜር ይስጥልኝ ብለው አመስግነዋት ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ወደ መናኸሪያው ስንወርድ እጃቸውን ልይዝ ስል አልከለከሉኝም፣ ድሮ ይከለክሉኝ ነበር። የሚሄዱበት መኪና ገና አልሞላም፤ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያሹታል። ቀለሙ ከለቀቀ እኮ ቆይቷል።

«ፍቺው ሲያልቅ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «ከእንግዲህ እኔ ምንህ ነኝ?»

ረዳቱ ሮብ ገበያ፣ ሮብ ገበያ እያለ ይጣራ ጀመር። ተነስቼ ቦታ ያዝኩላቸው፣ ከዘራቸውን አቀበልኳቸው፣ ሒሳባቸውን ከፈልኩ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም፤ መልስ እየጠበቁ ነበር።