የደረሰኝ የነበረው መንገድ ነው

መጀመሪያ ያየሁት ደም ነው። ከጊዮርጊስ ኪዳን አድርሼ አፍንጮ በር ቤቴ እንደተመለስኩ ሽንት ቤት ገብቼ አየሁት። ኪንታሮት ነው አልኩ። በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይወራም። ፒያሳ ካለ መድኃኒት ቤት ቅባት ገዝቼ ለወራት ተቀባሁ። እናንተም እንዲሁ እያደረጋችሁ ከሆነ ተዉት። ደም ያየ ሰው በዚያው ሰሞን መታየት አለበት።

ስከሳ ልጄ ሂሩት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት የሚገባበትን ኮሎኖስኮፒ የሚባል ምርመራ አደረጉልኝ፤ ናሙናም ወሰዱ። ውጤቱን ሂሩትና ወንድሟ ዳንኤል ገብተው ሰሙ። እኔን ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ። ሲወጡ ዳንኤል ጫማውን እያየ፣ «ትንሽ እባጭ ነገር ናት፤ ወጥታ ትጣላለች» አለኝ። አላመንኩትም። ግን ተነሥቼ ተከተልኳቸው።

ሆስፒታል ተኛሁ። በቀዶ ጥገናው ዋዜማ አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እርስዎ ጥናቱ ውስጥ እንደማይገቡ ልጆችዎ ነግረውኛል። ከራስዎ አፍ ካልሰማሁ ግን አልቀበለውም» አለች።

«የምን ጥናት?»

የሐኪሟ ፊት ተለዋወጠ። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ የነበረችው ሂሩት ብድግ ብላ፣ «እናታችን መሞከሪያ አትሆንም ብለናል እኮ» አለቻት።

«አንቺ ዝም በይ» አልኳት። ልጄን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ሐኪሟን፣ «ያለብኝ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው።»

ኋላ እንደሰማሁት ጎረቤት ያውቃል። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ። የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ይህን ስጽፍም ንዴቴ አልበረደም። በእኛ አገር መርዶ ጎህ ሲቀድ እስኪነገር ይደበቃል፤ ለሐዘንተኛ ታስቦ ነውና ደግ ልማድ ነው። እኔን ግን የራሴ ልጆች በቁሜ መርዶ አደረጉኝ።

ሐኪሟ በእርጋታ አስረዳችኝ። እስካሁን በነበረው መንገድ፣ በሽተኛ ከቀዶ ጥገና በኋላ አንጀቱ ሥራ እስኪጀምር ምግብም ውሃም ሳይቀምስ በግሉኮስ ይቆያል። በአዲሱ መንገድ ግን በማግስቱ ፈሳሽ ይጀምራል፣ ከአልጋም ተነሥቶ ይራመዳል። «በእኛ ታካሚዎች ላይ የትኛው እንደሚሻል በእርግጠኝነት አናውቅም። የሚመድብዎ ዕጣ ነው፤ እኔም አልመርጥም። እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም» አለች።

«እገባለሁ» አልኩ። ከእልህ ይሁን ከማስተዋል ዛሬም አልለየሁትም።

ነቃሁ። ጠማኝ። ሆዴ ድንጋይ ሆኗል። ማሳል ፈራሁ። ውሃ ለመንኩ። «አልተፈቀደም» አሉኝ። የደረሰኝ የነበረው መንገድ ነው።

አጠገቤ የተኛችው ራህመት፣ ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት፣ እንደኔው ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አዲሱ መንገድ ደርሷታል። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ትመላለስ ጀመር። ጠያቂዎቿ «ተኚ እንጂ፣ ምን ያንከራትትሻል» ይሏታል፤ እሷ «ሐኪሜ አንቺ ነሽ?» እያለች ትነሣለች። ሾርባዋን ፉት ብላ፣ «እትዬ፣ ስንት ዓመት ስቆጥብ ኮንዶሚኒየም ሳይወጣልኝ፣ ይኸው ሾርባ ወጣልኝ» አለችኝ። ብስቅ ስፌቴ ያመኛል። ባልስቅ እሷን ልጠላ ነው። ጠላኋት።

ሂሩት በፔርሙስ ሾርባ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ማንም አያይም፤ ትንሽ ቅመሺ» አለች። አሁንም በድብቅ። «መልሺው» አልኳት። ሐኪሟን ጠርቼ፣ ከጥናቱ ልውጣ ብል ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። «መውጣት በማንኛውም ሰዓት መብትዎ ነው» አለች።

ራህመትን አየኋት። እኔ ባልተኛ የሷ ፈጥኖ መነሣት ከምን ጋር ይመዘናል? ቆየሁ። ይህን ማንም አልወሰነልኝም።

የተሻለኝ ቀስ እያለ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ አጥሚት፣ ከዚያ ግድግዳ ይዞ መራመድ፣ ከርሞ ደግሞ ሂሩት ክንዴን ይዛኝ ሁለታችንም ስለደበቁኝ ነገር ሳናነሣ እስከ ምኒልክ አደባባይ ደርሶ መመለስ። ራህመትም ትደውላለች፤ አሁን ስንጫወት እስቃለሁ።

ቀደው ያከሙኝን ሐኪሞችና ያገላበጡኝን ነርሶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆቼንም አመሰግናለሁ፤ ይቅር ማለቱን ግን ገና እየሞከርኩ ነው። በሽታችሁን በስሙ ጠይቁ። ጥናት ውስጥ ግቡ ወይም አትግቡ፤ ቃሉ ግን ከእናንተ አፍ ይውጣ። ከገባችሁም ውጤቱን ጠይቁ። የጥናቱ ሰዎች ስለ ስፌቴ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሰገራዬ ሳይቀር ደጋግመው በስልክ ጠይቀውኛል፤ ሁሉንም መልሻለሁ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ የትኛው መንገድ ተሻለ? «ገና ነው» ይሉኛል።

ለክትትል በሄድኩ ቁጥር ያቺን ሐኪም ፈልጌ እጠይቃታለሁ። ባለፈው፣ «እማማ፣ ሲያልቅ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለችኝ።

«ለልጆቼ እንዳይሆን» አልኳት።