ከጋቢው ሥር የተቀመመው

ያን ቀን ጠዋት እቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን፦ ፍራሹ ላይ ትራስ ተደግፋ ታላቅ እህቴ፣ እግሯ ሥር ባሏ፣ መሀል ላይ ዱካ ላይ የተቀመጡት የሰፈራችን መድኃኒት አዋቂ ሽማግሌ፣ ከሳቸው ጀርባ በሩ ላይ የቆሙት እናቴና ቅመም ነጋዴዋ ጎረቤታችን፣ ጥግ ላይ እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም።

እህቴን የወፍ በሽታ ይዟት ነበር። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ምግብ ሲሸታት ያስመልሳታል። የሽማግሌው መድኃኒት ጎጃም ሳሉ ከአባታቸው የተቀበሉት ነው። ቅጠሉን ጎህ ሲቀድ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ይቆርጣሉ። ሲቀምሙ ሰው እንዳያይ ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። ስሙን ለማንም አይናገሩም።

ከጋቢው ሥር ሙቀጫው ሲንኳኳ እህቴ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ዶሮ ነው እንዴ የሚያርዱት?» አለቻቸው።

«ዝም ብለሽ ጠጪ! መድኃኒት ስሙን ከጠሩት ይከዳል።»

«ይቺ ልጅ ምላሷ ብቻ ነው ያልታመመው» አሉ ጎረቤታችን። ሁላችንም ሳቅን፤ ባሏ ብቻ አልሳቀም።

ዕፅዋትን የተማርኩት በራሴ ነው፤ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከስልኬ። ዳማ ከሴ ኦሲመም ላሚፎሊየም፣ ጤና አዳም ሩታ ቻሌፔንሲስ እንደሚባሉ ሳጠና ከርሜያለሁ። ከጋቢው ጫፍ አንዲት ቅጠል ስትወድቅ ወዲያው ለየኋት። ሰንሰል ናት፣ በሰፈራችን ለአጥር የሚተከለው፤ በላቲን ጀስቲሺያ ሺምፐሪያና። ቀጥሎ ግን ሽማግሌው ከኪሳቸው ትንሽ ቀንድ አውጥተው ከውስጡ አንድ ነገር ጨመሩበት። እሱን ጋቢው ጋረደብኝ። እህቴ ፊቷን አኮሳትራ ጠጣችው።

በሳምንቱ መቀባዠር ጀመረች። ቤቴል ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ ምን እንደጠጣች ስትጠይቅ እናቴ «ጠበል ብቻ» አለች። እናቴ ውሸት አታውቅም። ካወራችው መድኃኒቱ እዚያው በልጇ ሆድ ውስጥ የሚከዳት መስሏት ነው። የሰንሰሉን ስም እኔ ተናገርኩ።

«ሌላስ?» አለች ሐኪሟ። «ጉበቷ ጥሩ አይደለም። የወሰደችውን ሁሉ ካላወቅሁ በምን ልርዳት?»

የእህቴ ባል ታክሲ ይዞ 18 ማዞሪያ አጠገብ ወዳለው የሽማግሌው ቤት በረረ። እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው። «ልጄ፣ ብነግርህ እኮ እሷን መግደሌ ነው» ብለው አለቀሱ። ከልባቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያከሙት ስሙን ሳይጠሩ ነው፤ ብዙ ሰው በእጃቸው ሲድን አይተዋል።

እህቴ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዐረፈች።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሳልጠይቃቸው፣ «የጃርት ሐሞት ነው፤ ደርቆ በማር የተበጠበጠ» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። ከዚህ በኋላ ከምን ይጠብቋታል? የጃርት የላቲን ስም ሂስትሪክስ ክሪስታታ ነው። ያን ጊዜም አውቀው ነበር፤ ግን ለማን ልንገረው?

ቆይቼ ለሐኪሟ ነገርኳት። የእህቴ ጉበት ቀድሞም ተጎድቶ እንደነበር አስረዳችኝ። «ሐሞቱ ጎድቷት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። መጠኑን ካላወቅሁ ምንም ማለት አልችልም» አለች። ሽማግሌውን ብጠይቃቸው መጠኑን እጃቸው እንጂ አፋቸው አያውቀውም። እናቴ ጠብታ ነው ትላለች። የእህቴ ባል የቀንዱን ግማሽ ይላል።

እትዬ፣ ጎረቤታችን፣ እርስዎ ከሽማግሌው ጀርባ ቆመው ከትከሻቸው በላይ ያዩ ስለነበር ከኔ የተሻለ ሳያዩ አይቀሩም። ቀንዱ ዘንበል ሲል ቶሎ ቀና አለ ወይስ ቆየ? ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን? አንተም አማቼ፣ ሐዘኑ ቀለል ሲልህ እንደገና አስብበትና ንገረኝ። እርግጠኛ ባትሆኑም ግድ የለም፤ የሁላችሁንም ጎን ለጎን አድርጌ አየዋለሁ።