ዝንጅብል የሸተተው የመስቀል ቅቤ

ይህ የምነግራችሁ የሆነው በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ዱራሜ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ሰውዬ ዝንጅብል የሞላ ማዳበሪያ አጠገቤ አስደገፈ። ከማዶ ደግሞ አንድ አሮጌ መኪና ሞተሩን አስነስቶ የናፍታ ጭሱን ወደ እኛ ለቀቀው። ሁለቱ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ምን ልበላችሁ፣ የጋሽ ሀንዳሞ መኪና ሆሳዕና ከተማ በራችን ላይ መጥታ የቆመች መሰለኝ። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሊሄድ ምንም አልቀረውም።

ጋሽ ሀንዳሞ የሰፈራችን ሰው ነበር፤ ሾፌሩም የመኪናዋ ባለቤትም ራሱ። መኪናዋ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጣሊያን ትቷት የሄደ የጭነት መኪና ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከፊቷ ብረት ሰክቶ በሁለት እጁ እያቃሰተ እስኪያዞራት ድረስ አትነሳም። ቀለሟ አልቆ እዚህም እዚያም ትንሽ አረንጓዴ ቀርቷታል። በበሯ ላይ ግን የባለቤቷ ስም በነጭ ቀለም በትልልቁ ተጽፎ ነበር። እኔ ፊደል የለየሁት ከዚያ በር ላይ ነው፤ እሱ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ እኔ በጣቴ ስሙን እየተከተልኩ እጮሃለሁ፤ ስሳሳት ከሥር ሆኖ ያርመኛል። የካኪ ኮቱ ኪሶች ሁልጊዜ በሲባጎ የተሞሉ ነበሩ። የጣቶቹ እጥፋት ውስጥ የገባው ግራሶ ለእሁድ ጸሎት እንኳን አይለቅም።

የዚያን ጊዜ ሾፌሮች ገበያው ዳር ይቆሙና መኪናቸው እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። ከጤፉ ላይ በርበሬ፣ ከበርበሬው ላይ ቆዳ፣ ከቆዳው ላይ ደግሞ ሰው። ጋሽ ሀንዳሞ ግን የሚቸኩል ጭነት ብቻ ነበር የሚይዘው። ለክሊኒክ መድኃኒት፣ ለወፍጮ ቤት የተሰበረ ብረት፣ ለሠርግ ድንኳን፣ ከሁሉም በላይ ቅቤ። የአንድ ሰው ዕቃ ከጫነ የሌላ አይደርብም፤ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ያንኑ ቀን ይነሳል። ዋጋው ከሌሎቹ ወደድ ይላል፤ ግን በዚህ ቀን እደርሳለሁ ካለ ይደርሳል።

«ሀንዳሞ ዛሬም ንፋስ ጭኖ ሄደ!» ብለው ይስቁበታል ገበያ ዳር የቆሙት።

«እናንተ ጭናችሁ ሳትጨርሱ ተመልሼ ሰላም እላችኋለሁ» ይላቸዋል፤ ደግሞም ያደርገዋል።

እናቴ አስካለች የቅቤ ነጋዴ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ የኖርነው በዚያ ቅቤ ነው። ከጃጁራና ከቦኖሻ ገበያ እየለቀመች በኮባ ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ፣ አዲስ አበባ ትልካለች። በዚያ ዓመት መርካቶ ትልቅ መደብር ያላት አንዲት ሴትዮ «ለመስቀል የምትልኪልኝ ቅቤ ንጹሕ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ሳምንት በሳምንት የምረከበው ካንቺ ብቻ ነው» ብላ ላከችባት። ለእናቴ ይህ ማለት ቤታችን ከእንግዲህ አይቸገርም ማለት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። እያንዳንዱን ጥቅል እየፈታች ታሸታለች፣ ትንሽ ከጠረጠረች ለብቻው ታስቀምጠዋለች። እኔንም እጄን ሳልታጠብ አታስነካኝም ነበር።

መስቀል አንድ ሳምንት ሲቀረው ቅቤው ተጫነ። እናቴ ከአንዲት የገጠር ሴት የቀረውን ጥቅል ልታመጣ ወጣ አለች፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ መሪውን እያሻሸሁ ነበር። ይሄኔ አጎቴ ኤርሲዶ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው ድለላ፣ ለነጋዴ መኪና ለመኪና ጭነት ማገናኘት። ከኋላው የሀደሮ ዝንጅብል የጫኑ በቅሎዎች ተሰልፈዋል። ሌሊቱን ዝናብ ስለመታቸው ጆንያዎቹ ይንጠባጠባሉ።

«አይሆንም» አለ ጋሽ ሀንዳሞ ገና ሳይጠየቅ።

«ስማኝማ። መኪና የለም፤ ሁሉም ወጥቷል። ዝንጅብሉ ደግሞ ነገ አዲስ አበባ መድረስ አለበት።»

«የእህትህ ቅቤ ነው እኮ የጫንኩት። ቅቤ የነካውን ሁሉ ይጠጣል።»

«ሸራ መሀል እናስገባለታለን! ደግሞ መንገዱን አላየኸውም? ወደ ብላቴ ወንዝ ቁልቁለቱ ጭቃ ብቻ ነው። በዚህች ቅቤ ብቻ ከሄድክ ኋላህ ቀሎ ተንሸራተህ ገደል ትገባለህ። ክብደት ያስፈልግሃል።»

ጋሽ ሀንዳሞ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረጋቸው፣ ወደ ሰማዩም አየ። በርግጥ ባዶ መኪና ጭቃ ላይ እንደሚጫወት እሱም ያውቃል። ከዚያ፣ «እሺ። ሸራው ግን ድርብ ይሁን» አለ።

አጎቴ ጆንያዎቹን አስጭኖ ሲጨርስ በጋቢናው መስኮት ብቅ አለና ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ፣ «አንቺ ምንም አላየሽም፤ እሺ የኔ ቆንጆ?» አለኝ። አጎቴን እወደው ነበር። እናቴ የቀረውን ጥቅል ይዛ ስትመለስ በቅሎዎቹ ሄደው፣ ጭነቱም ሁሉ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ምንም አላየሁም።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት መኪናዋ በራችን ላይ ቆመች። ጋሽ ሀንዳሞ ወረደና የኋላውን መዝጊያ ስፖንዳ ከፈተ። ቅቤያችን በሙሉ እዚያው ነበር፤ አንድም ጥቅል አልጎደለም። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አልተረከበችህም?»

«ፈታችው፣ አሸተተችው፣ መልሳ ሸፈነችው። አላባ ሜዳ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው ላላና የዝንጅብሉን ሽታ ጠጣው። ሸራው ምንም አልፈየደ።»

«የምን ዝንጅብል?»

«ደርቤ ጭኜ ነበር።»

«አንተ? አንተ ሀንዳሞ?» እናቴ ድምፅዋ ቀጠነ። «ማነው የለመነህ?»

አጎቴ አጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር። የሚያየው የእግሩን ጣት ነው። እኔም እንደሱ አጎነበስኩ።

«የሚለምን ሞልቷል እቴ አስካለች» አለ ጋሽ ሀንዳሞ። «እሺ የሚለው ሾፌሩ ነው። መኪናዋ የኔ ናት፣ ጥፋቱም የኔ ነው። እዚያው ለምግብ ቤት በርካሽ ልለቀው አስቤ ነበር፤ ግን የአስካለች ቅቤ እየተባለ ነው የሚበላው። ስለዚህ መለስኩት።»

ሂሳብም አልጠየቀም፤ ጥቅሎቹን እያቀፈ አንድ በአንድ ቤት አስገባቸው። እናቴም በመጨረሻው ጥቅል ላይ፣ «ከዛሬ ወዲያ በዚህች መኪና የኔ ዕቃ አይወጣም» አለችው። ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

የዚያ ዓመት መስቀል እንዴት ይረሳል? አታካናው፣ ያ ቡላ በወተትና በቅቤ ተገንፍቶ ጎረቤት ሁሉ የሚታደምበት፣ ገና ከእሳት ሳይወርድ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። አንዷ ጎረቤታችን፣ «አስካለች፣ ዘንድሮ ሰፈሩን ጉንፋን አይነካውም!» አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ማንኪያ እያደለች ፈገግ እንኳን አላለችም። ሌሎቹም የቅቤ ነጋዴዎች ወሬውን ሰምተው ከጋሽ ሀንዳሞ ሸሹ። መኪናዋ ከበዓሉ በፊት የቀሩትን፣ ከምንጊዜውም በላይ የምትሯሯጥባቸውን ሁለት ቀናት በራፉ ላይ ቆማ አሳለፈች። እሱ ግን አንድም ቀን የአጎቴን ስም አላነሳም። መንገድ ላይ ሲያገኘው እንኳን እንደ ወትሮው «እንዴት አደርክ ኤርሲዶ» ይለው ነበር። አጎቴ ከዚያ ሰላምታ በኋላ ምግብ አይበላለትም፤ ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት።

እኔም አድጌ ነጋዴ ስሆን፣ በገዛ አፌ እሺ ባልኩት ነገር በሰው ላሳብብ የቃጣኝ ጊዜ አልጠፋም። ያኔ ጋሽ ሀንዳሞ ጥቅሎቹን አቅፎ ሲገባ የነበረው ጀርባው ይታወሰኛል፤ አፌ ይያዛል።

ከመስቀል በኋላ በነበረው ሰኞ አጎቴ ሚስቱ የናጠችውን አንድ ጥቅል ቅቤ ይዞ የጋሽ ሀንዳሞ ጋቢና ውስጥ ገባ። ከዚያ ጥቅል በስተቀር መኪናዋ ላይ ምንም አልተጫነም። መርካቶ የሴትዮዋ መደብር ሄዶ፣ ዝንጅብሉን ያስጫነው እሱ እንደሆነ፣ የእህቱ ቅቤ ከቤቷ ሲወጣ ንጹሕ እንደነበር ነገራት፤ ያመጣውንም ፈትታ እስክታሸት ድረስ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። ሐሙስ ተመለሰና ቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በሀዲይኛ ሁሉንም ለእናቴ ነገራት። «ሀንዳሞ ስሜን ጠርቶ ቢሆን ኖሮ እክድ ነበር» አላት። «ስላልጠራኝ አልቻልኩም።»

እናቴም ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ወደ ጋሽ ሀንዳሞ ቤት ወጣች። አጎቴ ከኋላዋ ተከተላት። ቅዳሜ ጃጁራ ገበያ እናቴ በጋሽ ሀንዳሞ መኪና ለመርካቶዋ ሴትዮ የምትልከውን ቅቤ ስትለቅም አጎቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በቃጫ ያስርላት ነበር፤ የዚያን ቀን ለማንም መኪና ጭነት አልፈለገም።