የአባቴ ጠመንጃና የዓለም ቦምብ

ሸዋ ሮቢት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዲቀነስ ለሚጠይቁ ሰዎች ፊርማ አሰባስባለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ይስቁብኛል፤ «መምህር፣ መጀመሪያ መብራቱን አስተካክይልን» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል፦ እርስ በርስ ከሚፈራሩ ሰዎች ማን ነው ቀድሞ ጣቱን ከቃታው ላይ የሚያነሳው?

ባለፈው ክረምት ጥያቄው ቤቴ ድረስ መጣ። ትንሿ ልጄ ትምህርት ሲዘጋ ገጠር፣ ጀውሃ፣ አያቷ ጋ ልትሰነብት ጓጉታለች። አባቴ ማሾና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ አገሩ ከደፈረሰ ወዲህ ግን ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ከራስጌያቸው ሰቅለው ነው የሚተኙት። ልጄ ደግሞ ያየችውን ሁሉ ካልነካካች ዕረፍት የላትም። ስለዚህ ሳልወስዳት በፊት ብቻዬን ሄድኩ።

በቀጥታ መናገር ስለፈራሁ በቦምቡ ጀመርኩ። ትልልቆቹ አገሮች ሚሳኤላቸውን ለመተኮስ አዘጋጅተው እንደሚያድሩ፣ እኛ ግን ቢያንስ ቦምቡ ከሚሳኤሉ ተለይቶ ይቀመጥ እንደምንል ነገርኳቸው።

«ጠባቂው በሕልሙ ባንኖ ቢተኩስስ?» አሉኝ።

«እኛም የምንፈራው እሱን ነው። አንቱስ፣ አባባ? ልጄ እዚህ የምታድረው ጥይቱ ከወጣ ብቻ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ከመስኖው ቦይ ማዶ ያሉትን ሽማግሌ ጎረቤት በአገጫቸው አመለከቱኝ። በውሃ ተራ ከተጣሉ ወዲህ አይነጋገሩም።

«የሱ ጎርሶ እያደረ እኔ ባዶ ብረት ታቅፌ ልተኛ?»

በእኛ ቆላ የውሃ ተራው ያለቀበት ሰው ወደ ማሳው የሚገባውን ቦይ በጭቃ ሲደፍን፣ ተረካቢው አጠገቡ ቆሞ ያያል። ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ወንድማማቾች እንኳ እንደዚያው ያደርጋሉ፣ የሚቀየም የለም። አባቴ ብዙ ካሰቡ በኋላ «በቃ፣ እንደ ውሃው ይሁን» አሉኝ። «ሂጂና ንገሪው። የሱ ባዶ መሆኑን በዓይንሽ ካየሽ እኔም አወጣለሁ።»

ደስታዬን አልደብቅም፤ ዓለም ሁሉ የታረቀ መሰለኝ። ቦዩን ተሻግሬ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ጠመንጃቸውን ከግድግዳው አውርደው ከፍተው አሳዩኝ። ምንም የለበትም።

«መቼ አወጡት?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ጥይት ገዝቼለት አላውቅም። አባትሽ ይህን ካወቀ ግን ውሃዬን የሚተውልኝ አይመስለኝም። ባዶ ነው በይው፤ ድሮም ባዶ ነበር አትበይው።»

ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አየሽ?»

«አየሁ። ባዶ ነው።»

ጥይቱን አንድ በአንድ አውጥተው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።  ከዚያ ማዶውን እያዩ ቆዩ።

«የኔ እንደጎረሰ እያወቀ ቀድሞ አወጣው?» አሉ በመገረም። «እኔ በሱ ቦታ ብሆን አልደፍርም ነበር።»

 ልጄን ላመጣ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።