ናፍጣዋን ለማን እንደሸጥኳት

የቤታችንን መኪና የወሰዷት የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ቤተሰቡን ከተቀላቀልኩበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ብያቸዋለሁ፤ ይህ ሁሉ ሲሆንም አንድ ቀን እንኳ አንተ አላልኳቸውም። ክፉ ነገር የሚሠራ ሰው አፉን መጠበቅ አለበት ብዬ ነው።

መኪናዋ ነጭ፣ ረጅም፣ ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት ናፍጣ ነበረች። ጠዋት ስትነሳ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። ባሌ እናቴንና እኔን፣ ሦስቱን ልጆቻችንን ጭኖ በየዓመቱ ቁልቢ የሚወስደን በእሷ ነበር። ድሬዳዋ ወርደን ስንመለስ የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች ስትወጣ፣ ልጆቹ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተደራርበው ይተኛሉ። እኔም መንጃ ፈቃድ ስለነበረኝ ባሌ ጎኔ ተቀምጦ አልፎ አልፎ እነዳት ነበር። ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው፤ ዳገት ላይ ስነሳ ግራ እግሬ ይርበተበታል። ግን እነዳት ነበር።

የባሌ ተዝካር ዕለት፣ ዘመድ ሁሉ በተቀመጠበት፣ ጋሼ ቁልፉን ከግድግዳው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ።

"ይቺ መኪና የወንድ ክንድ ትፈልጋለች" አሉ። "ቆማ ከምትዝግ ለጊዜው እኔ ጋ ትሁን። ስትፈልጊ አንድ ስልክ ነው።"

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ጥቁር እንደለበስኩ፣ ድምፄ በለቅሶ እንደተዘጋ፣ አመሰገንኳቸው። ያ ምስጋና ነው ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ።

ጋሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ በሚባለው ገጠር የጫት ማሳ አላቸው። የቤታችን መኪና በአንድ ወር ውስጥ የጫት መኪና ሆነች። ለጭነት እንዲመቻት የመጨረሻውን ወንበር አስነቅለው ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ሥር አስቀመጡት። አንድ ቀን ለበዓል ልጠይቃቸው ስሄድ ከጓደኞቻቸው ጋር እሱ ላይ ተንጋለው ይቅማሉ። ትንሿ ልጄ በእስክሪብቶ የጻፈችው ስሟ ከክንዳቸው ሥር ይታያል። "ነይ ተቀመጪ፣ ይመቻል" አሉኝ። ቆሜ እንኳን አደረሰዎ ብዬ ወጣሁ።

ስልኩን የደወልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ጉልበቷን ታማ መቆም አቅቷት ነበር።

"ጋሼ፣ እናቴን ሐኪም ቤት ላደርሳት ነበር። መኪናዋን ቢልኩልኝ?"

"አቦ፣ ዛሬስ አይመችም! ሶፊ ነኝ እኮ። ነገ ይሁን፣ ነገ እራሴ አደርሳቸዋለሁ።"

ነገ የሚባል ስላልነበረ ባጃጅ ጠራሁ። እናቴ እግሯን መዘርጋት አልቻለችም፤ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። ከተማው መሐል ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋና ቆምን። ቀና ስል ነጯ መኪናችን ጋሼ የማይጠፉበት ካፌ ፊት ቆማለች። ጋሼ በረንዳው ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ይሥቃሉ። እኔን ያነጋገሩበት ስልክ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማኪያቷቸው ጎን ተቀምጧል።

"ያቺ የእናንተ መኪና አይደለችም?" አለችኝ እናቴ።

"አይደለችም እማዬ።"

"ናት" አለች። ማታ እግሯን በሞቀ ውኃ ሳሽላት እንዲህ አለችኝ፦ "ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ ብለሽ እንዳታልፊው።"

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ሴት ናት። እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

አላለፍኳቸውም። ግን አልቸኮልኩም። መኪናዋ በእኔ ስም ነበረች፤ ጋሼም ያንን ያውቃሉ፣ ማንም አይክደውም። የቦሎ ማደሻ ወቅት እስኪደርስ ጠበቅኩና ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ መኪናዋ ለምርመራ ልትቀርብ ነው። በእኔ ስም ስለሆነች እኔ ልሰለፍልዎ።"

ሰልፍ የሚባል ነገር አይወዱም። ደስ ብሏቸው ቁልፉን ሰጡኝ። "የሚነዳልሽ ሰው አለ?" አሉ። አለ አልኳቸው። በር ላይ ደርሼ ገና ትዝ ያለኝ መስዬ ተመለስኩ።

"ውይ፣ ያ ወንበርም መግባት አለበት። ከጎደላት አያሳልፏትም ይላሉ።"

ፊታቸው ተኮሳተረ። ቢሆንም ተነሡ፤ ከተቀመጡበት ላይ ተነሡና ወንበሩን አስጫኑልኝ። መሪውን ይዤ ከግቢያቸው የወጣሁት ራሴ ነኝ። ግራ እግሬ አልተርበተበተም።

ሌላ ገዢ ነበረኝ፣ ጨዋ ሰው፣ ድሬዳዋ የሚኖር። አልፈለግኩትም። እኔ የፈለግኩት ሶፊ ላይ ከጋሼ ማሳ ጎን የሚያርሱትን ሐጂ ነው። ጋሼና ሐጂ በአንድ የውኃ ቦይ ስንት ዓመት ተካሰዋል። የሐጂ ስም ከተነሳ ጋሼ እጃቸውን ከማዕድ ያነሣሉ።

ሐጂ መጡ። መኪናዋን ዞሩ፣ ጎማዋን መቱ፣ ኮፈኗን አስከፍተው አዩ።

"እህቴ፣ ይቺን መኪና አውቃታለሁ" አሉ። "በማሳዬ ጫፍ ስታልፍ ስንት ጊዜ አቧራ አልብሳኛለች።"

"እሷው ናት።"

"ሰውየው ያውቃሉ?"

"መኪናዋ የእኔ ናት ሐጂ።"

ጺማቸውን ያዙ። "ወላሂ፣ ለነገር ብለሽ እንዳይሆን?"

"ለነገር ነው" አልኳቸው።

ሣቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። "አልሐምዱሊላህ፣ እውነቱን የሚነግረኝ ሻጭ አገኘሁ!" አሉ።

"አንድ ነገር ልለምንዎ። ፈረስ መጋላ ሲመጡ ካፌው ፊት ያቁሟት።"

"ኢንሻአላህ። ሌላ ማቆሚያ የት አለና!"

ጋሼ በማግስቱ መጡ። በሩን በመዳፋቸው እየደበደቡ ነው የመጡት።

"አንቺ! መኪናዋ የት አለች?"

"ሸጥኳት ጋሼ።"

"ሸጥኳት? ለማን?"

"ለሐጂ።"

"ለየትኛው ሐጂ?" አሉ። ግን ገብቷቸዋል። የግቢዬ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። "የወንድሜን መኪና ለጠላቴ?"

"የባሌን መኪና ነው ጋሼ። ውኃ ላምጣልዎ?"

አልጠጡም። ዘመድ ሰብስበው ከሰሱኝ። ሽማግሌዎቹ መኪናዋ የእሷ ናት፣ መሸጥ መብቷ ነው፣ ለሐጂ መሸጧ ግን ደግ አልሠራችም አሉ። ጥፋተኛ ነሽ ያሉኝን በደስታ ተቀበልኩ። ተነሥቼ የጋሼን ጉልበት ሳምኩ። ሲሳሙ ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ እንዲደርቅ ነበር የፈለግኩት።

አሁን የምነዳትን ትንሽ መኪና የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳብ የምታስተምር ጓደኛዬን ይዤ ድሬዳዋ ወረድኩ። ግራጫ ናት፣ ቤንዚን ናት፣ አውቶማቲክ። አራት ሰው ከያዘች አምስተኛው ትንፋሹን መያዝ አለበት። ሞተሯ ድምፅ ስለሌለው የጠፋ መስሎኝ ደግሜ ቁልፉን አዞርኩና ሻጩ ጮኸብኝ። ግራ እግሬ ደግሞ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። ጓደኛዬ በግንባሯ ዳሽቦርዱን ልትመታ ምንም አልቀራት።

"ያን እግርሽን ወንበሩ ሥር ደብቂው!" አለችኝ።

ደበቅኩት። ደንገጎን ስንወጣ መኪናዋ ማርሿን ራሷ ትቀይራለች፣ የእኔ ሥራ መሪውን መያዝ ብቻ። ከናፍጣዋ ይልቅ በጣም ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ አስለቀሰኝ። ባሌ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር ክንዱ ክንዴን ይነካኝ ነበር። ልጆቼ ከዩኒቨርሲቲ ደውለው "እማ፣ ስንመጣ ሁላችንም እንዴት እንገባለን?" አሉ። "ተጣበቁ" አልኳቸው። ትልቁ ትንሽ ዝም አለ። ናፍጣዋን እሱም ይወዳት ነበር። ጋሼን ያልተቀየምኩበት ቀን ቢኖር እንኳ ያን ዝምታ ሳስታውስ እቀየማቸዋለሁ፤ ልጆቼ ሊወርሷት የሚገባ መኪና እኔ በቁጣ እንድሸጣት ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው።

ሐጂ ቃላቸውን ጠበቁ። ናፍጣዋ ጫቷን እንደተጫነች ካፌው ፊት መቆም ጀመረች። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ በኋላ ካፌ ቀየሩ። ሐጂም ተከትለው ማቆሚያ ቀየሩ። ይህን አልለመንኳቸውም ነበር።

አንድ ክረምት ከሰዓት እናቴን ይዤ ከሸዋ በር ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ በባልዲ እንደሚደፋ ይወርዳል። ጋሼ ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ጥግ፣ ፌስታል ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ላለፈው ባጃጅ ሁሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሁሉም ሞልቷል። እኔ ላልፋቸው ነበር።

"ቁሚ" አለች እናቴ።

"እማዬ?"

"ቁሚ አልኩሽ። ከኋላዬ ይቀመጥ።"

ቆምኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "ጋሼ፣ ይግቡ" አልኩ። መኪናዋን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ገቡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ።

"እንደምን ዋሉ?" አለች እናቴ ሳትዞር።

"እግዚአብሔር ይመስገን።" ወደ እኔ ዞረው፣ "ማርሹ የት ነው?" አሉኝ።

"ራሷ ነው የምትቀይረው ጋሼ።"

"እህ" አሉ። በዝግታ ነዳሁ፤ በጣም በዝግታ። በራቸው ስንደርስ መክፈቻውን ሳቡ፤ አልከፈት አለ። የጎረቤቴን ሕፃናት ትምህርት ቤት ስለማደርስ የኋላው በር ከውስጥ እንዳይከፈት ቆልፌው ነበር። ደጋግመው ሳቡ። እናቴ ወደ ፊቷ እያየች ነው። ጃንጥላዬን ፈለግኩ፣ ዘረጋሁ፣ ወረድኩ፣ በመኪናዋ ፊት ዞሬ መጣሁና እንደ ሕፃን ከፈትኩላቸው።

"አመሰግናለሁ" አሉኝ። ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር።

"ምን አደረግኩ ጋሼ" አልኳቸው።

ባለፈው ጾም የንስሐ አባቴ ወሬው ደርሷቸው ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ይቅር ብለሻቸዋል?"

"በዓል ሲሆን እጠይቃቸዋለሁ አባ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

መዋሸት አልፈለግኩም። "አባ፣ መኪናዋ እሳቸው ጋ እያለች አባታችን ሆይ ስል፣ 'የበደሉንን ይቅር እንደምንል' ላይ ስደርስ ፊታቸው ይመጣብኝና አቋርጠው ነበር። ከሸጥኳት ወዲህ እስከ መጨረሻው እደርሳለሁ" አልኳቸው።

ስግደት አዘዙኝ፣ ብዙ ስግደት። አንድም ሳላጎድል ሰገድኩ። ልቤ ግን እስካሁን እንደዚያው ነው።